የባሕር ሙላትና ሽሽት በሙስሊም ሊቃውንት መጻሕፍት፦ ትክክለኛ ምልከታ፣ ያልተገኘ ምክንያት

በአራተኛው ምዕተ ዓመት ሂጅሪያ የኖረው የበይተል መቅዲስ ተወላጅ የጂኦግራፊ ጸሐፊ አል-መቅዲሲ፣ በ375 ዓ.ሂ. (985 እ.ኤ.አ.) አካባቢ ባዘጋጀው «አሕሰኑት-ተቃሲም» በተሰኘው ኪታቡ ስለ በስራ ከተማ ሲጽፍ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይጠቅሳል። ባሕሩ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ የከተማይቱን ሰዎች ይጎበኛቸዋል። ወደ ቦዮቹ ገብቶ አትክልቱን ያጠጣል፤ ጀልባዎችን ተሸክሞ እስከ መንደሮቹ ያደርሳል። ሲመለስም ያለ ሥራ አይመለስም፤ በቦዮቹ አፍ ላይ የተተከሉትን ወፍጮዎች እያዞረ ይወጣል። የበስራ ተምር ዝናብ ሳይጠብቅ ለዘመናት የኖረው በዚህ ውኃ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ የወንዙን ጣፋጭ ውኃ ወደ ኋላ ገፍቶ በቦዮቹ ውስጥ ከፍ ያደርገዋልና።

ዐረቦች ይህን ክስተት «አል-መድ ወል-ጀዝር» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ እኛ ሙላትና ሽሽት እንለዋለን። ወንዝ ሞላ፣ ውኃው ሸሸ የሚሉት ቃላት በገበሬዎቻችን አፍ የኖሩ ናቸውና ሌላ ቃል መፈለግ አላስፈለገንም። ሙላትን ከማዕበል መለየት ግን ተገቢ ነው። ማዕበልን የሚያስነሳው ነፋስ ነው፤ ነፋሱ ሲበርድም ይበርዳል። ሙላት ግን ነፋስ ኖረም አልኖረ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ሰዓቱንም የሚቆጥረው በጨረቃ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን በመምህራንና በኢማሞች ዘንድ ተደጋግመው የሚሰሙ ሁለት አስተያየቶች ናቸው። አንደኛው፣ ሙስሊም ሊቃውንት የሙላትን ምክንያት ከኒውተን ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ደርሰውበታል፤ አውሮፓውያን የወሰዱት ከእነርሱ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው በተቃራኒው፣ ጨረቃ በባሕር ላይ ተጽዕኖ አላት ማለት የኮከብ ቆጣሪዎች ንግግር ስለሆነ ደረሳ ሊማረው አይገባም ይላል። ሁለቱም አስተያየቶች ከባዶ የመጡ አይደሉም፤ ሁለቱም በታሪክ ውስጥ ሥር አላቸው። መጻሕፍቱን ገልጦ ላነበበ ግን ሁለቱም አይጸኑም።

ክርክሩ ለምን በበስራ ተነሣ?

የመካ ሰዎች ከባሕር የራቁ አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች በነቢይነት አምስተኛው ዓመት (615 እ.ኤ.አ.) ወደ ሐበሻ ሲሻገሩ የተሳፈሩት በሹዐይባ ወደብ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ የቀይ ባሕር ክፍል ሙላትና ሽሽት እጅግ አነስተኛ ነው። ቀይ ባሕር ረጅምና ጠባብ ነው፤ በሰሜን ዝግ ሆኖ በደቡብ በባብ ኤል-መንደብ ጠባብ በር ብቻ ከውቅያኖስ ጋር ይገናኛል። ውኃ የተሞላ ረጅም ገንዳ ቢወዛወዝ ሁለቱ ጫፎች ተራ በተራ ከፍና ዝቅ ይላሉ፤ መካከሉ ግን ከሞላ ጎደል ባለበት ይቆያል። ቀይ ባሕርም እንዲሁ ነው። በስዊስ በኩል ሲሞላ በምጽዋ በኩል ይሸሻል፤ በጅዳና በፖርት ሱዳን መካከል ያለው ውኃ ግን የዕለቱን ሙላት እምብዛም አያውቀውም። በምጽዋና በደህላክ አካባቢ የሙላቱ ከፍታ ትልቅ በሚባልበት ጊዜ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ከባብ ኤል-መንደብ ውጭ ባለው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ራስ ያለችው በስራ ግን ሌላ ናት። ከተማይቱ ከተቆረቆረችበት ከ1ኛው ምዕተ ዓመት ሂጅሪያ መጀመሪያ ጀምሮ ነዋሪዋ በየዕለቱ የሚነሣና የሚወድቅ ውኃ ይዞ ኖሯል። ከሲራፍና ከዑማን ወደ ሕንድና ወደ ዘንጅ አገር የሚመላለሱ መርከበኞችም በወደቧ ያልፉ ነበር። መርከበኛ የሙላትን ሰዓት ካላወቀ መርከቡ አሸዋ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዕውቀቱ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት የመርከበኛ ዕውቀት ነበር፤ ክርክሩም የበስራና የባግዳድ ልጅ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በዚህ ዕውቀት ቀዳሚዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ከእስልምና በፊት፣ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ቅድመ ልደት፣ ግሪካዊው ፖሲዶኒዮስ በአንዳሉስ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በቃዲስ ተቀምጦ የሙላትን ዕለታዊና ወርኃዊ ዑደት ከጨረቃ ጋር አያይዞ መዝግቧል። የኛ ሊቃውንት ያደረጉት ይህን ዓይነቱን ምልከታ ከሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች ዕውቀት ጋር አገናኝተው ከዚያ በፊት ባልነበረ ስፋትና ዝርዝር ማስቀመጣቸው ነው። ይህ በራሱ ትልቅ ሥራ ስለሆነ ያልሠሩትን መጨመር አያስፈልገውም።

አቡ መዕሸርና አል-ኪንዲ

በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ በዝርዝር የጻፈው አቡ መዕሸር አል-በልኺ ነው። በ171 ዓ.ሂ. (787 እ.ኤ.አ.) በበልኽ ተወልዶ በ272 ዓ.ሂ. (886 እ.ኤ.አ.) በዋሲጥ ሞተ። ኢብኑን-ነዲም በ«ፊህሪስት» እንደሚተርከው አቡ መዕሸር መጀመሪያ የሐዲስ ሰው ነበር። ፈላስፋውን አል-ኪንዲን አጥብቆ ይጠላው፣ ሕዝቡንም ያነሣሣበት ነበር። አል-ኪንዲ መልስ አልሰጠውም፤ የሒሳብንና የጂኦሜትሪን ትምህርት የሚያስወድድለት ሰው በስውር ላከበት። (አል-ኪንዲ ባላጋራውን በክርክር ሳይሆን በሒሳብ ለመርታት ማሰቡ ለመምህር የሚያስቀና ብልሃት ነው።) አቡ መዕሸር ወደ ሒሳብ ገባ፤ ግን እዚያ አልቆየም። አርባ ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ ወደ ኮከብ ቆጠራ ተሻገረና በዘመኑ ስመ ጥር ኮከብ ቆጣሪ ሆነ። ኸሊፋው አል-ሙስተዒን ከመሆኑ በፊት ስለ አንድ ነገር ተናግሮ ነገሩ እንዳለው በመሆኑ በጅራፍ እንዳስገረፈውና እርሱም፣ ብስት ይሻለኝ ነበር፣ በማግኘቴ ተቀጣሁ እያለ ያማርር እንደነበር ያው ኢብኑን-ነዲም ጽፏል።

አቡ መዕሸር ስለ ሙላትና ሽሽት የጻፈው በ848 እ.ኤ.አ. አካባቢ ባዘጋጀው «አል-መድኸል አል-ከቢር» ማለትም የኮከብ ቆጠራ ታላቅ መግቢያ በሆነው ኪታቡ ሦስተኛ ክፍል ነው። ምዕራፎቹን ያነበበ ሰው የሚገረመው በዝርዝራቸው ነው። ጨረቃ በምሥራቅ አድማስ ስትወጣ ውኃው መሙላት ይጀምራል፤ እኩለ ሰማይ ላይ ስትደርስ ሙላቱ ይፈጸማል። ከዚያ እስክትጠልቅ ይሸሻል። ከጠለቀች በኋላ እንደገና መሙላት ይጀምርና ጨረቃ ከምድር በታች፣ ከእግራችን ትይዩ በምትሆንበት ጊዜ ሁለተኛው ሙላት ይፈጸማል። ጨረቃ በየቀኑ ዘግይታ ስለምትወጣ ሙላቱም በየቀኑ ይዘገያል። ጨረቃና ፀሐይ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑና ፊት ለፊት ሲተያዩ፣ ማለትም በወሩ መባቻና በሙሉ ጨረቃ፣ ሙላቱ ይበረታል፤ በመካከል ይደክማል። ጨረቃ ወደ ምድር ስትቀርብ ሙላቱ ይጨምራል፣ ስትርቅ ይቀንሳል። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዘንበሏም ለውጥ ያመጣል። ሙላት የሚታይባቸውንና የማይታይባቸውን ውኆችም ለያይቶ ያስቀምጣል። የፀሐይንም ድርሻ አልዘነጋም፤ ጨረቃን ታግዛለች ወይም ታዳክማለች ይላል።

ይህ ሁሉ ምልከታ ነው፤ አብዛኛውም ትክክል ነው። ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን መልሱ፣ በጨረቃና በውኃ መካከል የባሕርይ ዝምድና አለ፣ ጨረቃ ውኃን በተፈጥሮዋ ታነቃንቃለች የሚል ነው። ቀጥሎም ከዚህ ወደሚፈልገው መደምደሚያ ይሄዳል። ጨረቃ ባሕርን የምታነቃንቅ ከሆነ ከዋክብት በምድር ያለውን ሁሉ፣ የሰውን ዕጣ ፈንታ ጭምር ይነካሉ ይላል። የሙላት ምዕራፎች በኮከብ ቆጠራ ኪታብ ውስጥ የተቀመጡት ለዚህ ነው፤ ማስረጃ እንዲሆኑ።

አል-ኪንዲ (በ256 ዓ.ሂ. ገደማ የሞተ) በበኩሉ ስለ ሙላትና ሽሽት አድራጊ ምክንያት ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፏል። የእርሱ መንገድ ሙቀት ነው። ሰማያዊ አካላት በእንቅስቃሴያቸው ከበታቻቸው ያለውን ያሞቃሉ፤ የሞቀ ውኃ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከፍ ይላል። በዚሁ ሪሳላ ውስጥ አየር በቅዝቃዜ ወደ ውኃ ይለወጣል የሚለውን አሳቡን በሚዛን ሊያረጋግጥ ሞክሯል። በረዶ የተሞላና አፉ በጥንቃቄ የተዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ይመዝናል፤ በሌላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በላዩ ላይ የሚያልበው ውኃ ሲጠራቀም መልሶ ይመዝናል። ክብደቱ ጨምሯል። ስለዚህ ውኃው ከውስጥ አልወጣም፣ ከውጭ መጣ። ዛሬ በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ተሰብስቦ ነው እንላለን እንጂ አየሩ ራሱ ውኃ ሆነ አንልም፤ ሚዛኑ ግን አልዋሸም። ይህን የመዘገብነው አል-ኪንዲ ስለ ሙላት ትክክለኛውን ባያገኝም የጥያቄ አያያዙ ምን ያህል የጠራ እንደነበር ስለሚያሳይ ነው።

ከባሕር ዳርቻ የመጡ ምስክሮች

አል-መስዑዲ (345 ዓ.ሂ. የሞተ) ባሕርን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከቀንበሉ ተነሥቶ ወደ ዑማን በ304 ዓ.ሂ. ተሻግሯል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሕንድ ምዕራብ ዳርቻ በከንባያ ነበር። በከንባያ ባሕረ ሰላጤ ሙላቱ እስከ አሥር ሜትር የሚደርስ በመሆኑ ውኃው ሲሸሽ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ይገለጣል። አል-መስዑዲ «ሙሩጁዝ-ዘሀብ» በተሰኘው ኪታቡ እንደሚተርከው አንድ ውሻ በዚያ አሸዋ ላይ አየ። ውኃው ከባሕረ ሰላጤው አፍ እንደ ተራራ ሆኖ መጣ። ውሻው ሊያመልጥ ወደ ደረቁ ምድር ሮጠ፤ ሳይደርስ ውኃው ቀደመውና አሰጠመው።

የዚህ ኪታብ ዋነኛ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። አል-መስዑዲ በዘመኑ የነበሩትን አስተያየቶች ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። አንዳንዶች ጨረቃ ውኃውን እንደ እሳት ታሞቀዋለች፤ ግማሽ ድረስ ውኃ የተሞላ ድስት ሲፈላ ከፍ እንደሚል ባሕሩም ከፍ ይላል አሉ። ሌሎች ይህን ሲመልሱ፣ ነገሩ በሙቀት ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ከጨረቃ አብልጣ ታሞቃለችና ሙላቱ ከፀሐይ መውጣት ጋር ይጀምር፣ ከመጥለቋም ጋር ያበቃ ነበር አሉና ምክንያቱ ከምድር ሆድ የሚወጣ እንፋሎት ነው ወደማለት ሄዱ። ከሃይማኖት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ፣ በተፈጥሮ ውስጥ መንገዱ የማይታወቅ ነገር ሁሉ የአላህ ሥራ ነው፣ አንድነቱንም ያመለክታል አሉ። ከእነዚህ ሁሉ እጅግ የተሳለው፣ ፀሐይስ ለምን አታደርገውም? የሚለው ተቃውሞ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ከሰባት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በ421 ዓ.ሂ. (1030 እ.ኤ.አ.) አካባቢ ስለ ሕንድ በጻፈው ኪታብ በጉጃራት ዳርቻ የነበረውን የሱምናት ጣዖት ያነሣል። ስሙ በሕንዶች ቋንቋ የጨረቃ ጌታ ማለት ነው። ጨረቃ ስትወጣና ስትጠልቅ ባሕሩ ሞልቶ ጣዖቱን ይሸፍነዋል፤ ጨረቃ እኩለ ሰማይና እኩለ ሌሊት ስትሆን ሸሽቶ ይገልጠዋል። ተራው ሕዝብ ከዚህ ተነሥቶ ጨረቃ ጣዖቱን በማጠብ ታገለግላለች ብሎ አመነ። አል-ቢሩኒ ይህን ከመዘገበ በኋላ የተማሩት ሕንዶች ዕለታዊውን ሙላት በጨረቃ መውጣትና መጥለቅ፣ ወርኃዊውንም በመሙላቷና በመጉደሏ እንደሚያሰሉ፣ የተፈጥሮ ምክንያቱን ግን እንደማያውቁ ይጨምራል።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ይቆማል። አቡ መዕሸር ሙላቱ የሚፈጸመው ጨረቃ እኩለ ሰማይ ስትሆን ነው አለ፤ አል-ቢሩኒ የሱምናቱ ሙላት ጨረቃ ስትወጣና ስትጠልቅ ነው አለ። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ሁለቱም ግን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ወደብ የራሱ የመዘግየት ሰዓት አለውና። የአቡ መዕሸር ጉድለት የአንዳንድ ዳርቻዎችን ሰዓት የዓለም ሁሉ ሕግ ማድረጉ ነው።

ምክንያቱ

ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳየው ጨረቃ ባሕርን ትስባለች የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ይህን ኬፕለር በ1609 ተናግሮታል። ኒውተን ያሳየው ሙላት የሚመጣው ከስበቱ መጠን ሳይሆን ከስበቱ ልዩነት መሆኑን ነው። ለደረሳ ለማስረዳት እኛ የግመል ቅፍለትን እንጠቀማለን። ሦስት ግመሎች ተከታትለው ይሄዳሉ እንበል። የፊተኛው ይፈጥናል፤ የመካከለኛው ከእርሱ ያንሳል፤ የኋለኛው ከሁሉም ይዘገያል። ሁሉም የሚሄዱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በመካከለኛው ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የፊተኛው ወደ ፊት፣ የኋለኛው ወደ ኋላ ሲርቀው ያያል። በጨረቃ በኩል ያለው ውኃ ለጨረቃ ስለሚቀርብ አብልጦ ይሳባል፤ የምድር እምብርት ከእርሱ ያነሰ፤ በምድር ማዶ ያለው ውኃ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። ስለዚህ ከምድር እምብርት አንጻር ውኃው በሁለቱም ወገን ይወጣል። ጨረቃ ከእግራችን በታች ሆና ለምን እንደሚሞላ ሙቀትም ሆነ የባሕርይ ዝምድና ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይፈታል። ምድር ስትዞር፣ ጨረቃም በምሕዋሯ ስትቀድማት፣ አንድ ዳርቻ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በሁለቱም ሙላቶች ያልፋል።

ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚነገር አንድ ነገር አለ፦ ጨረቃ ውኃውን ወደ ላይ አንሥታ ታወጣዋለች የሚል። ጨረቃ በቀጥታ ወደ ላይ የምታነሣበት ጉልበት ከውኃው ክብደት ከዘጠኝ ሚሊዮን አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ ምንም አያነሣም። ሥራውን የሚሠራው በጎን የሚጎትተው ክፍል ነው። ውኃው ከሰፊው ውቅያኖስ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ላይ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወገን ይጎተትና ይጠራቀማል። ጣና ለምን አይሞላም? ተብለን እንጠየቃለን፤ ከደረሶች መጀመሪያ የሚመጣውም ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ በዚህ ውስጥ አለ። ጨረቃ ጣናንም ትጎትታለች፤ ነገር ግን ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ያለው ርቀት ለመጠራቀም አይበቃም። ጣና የሚሞላው በክረምት ዝናብ ነው።

አሁን አል-መስዑዲ ወደ መዘገበው ተቃውሞ እንመለስ። ፀሐይስ? ፀሐይም ታደርገዋለች። ፀሐይ ምድርን የምትስብበት ኃይል ጨረቃ ከምትስብበት 178 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ሙላትን የሚፈጥረው ግን ልዩነቱ ነው፤ ይህ ልዩነት በርቀቱ ልክ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ይቀንሳል። የፀሐይ ግዝፈት ከጨረቃ 27 ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል፤ ርቀቷ 390 ጊዜ ያህል ነው። 390 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 59 ሚሊዮን ይደርሳል። 27ን ለ59 ብናካፍል ግማሽ የማይሞላ፣ 46 በመቶ ገደማ ይወጣል። የፀሐይ ድርሻ ይህ ነው። ስለዚህ ተቃዋሚዎቹ በጠየቁት ልክ አልተሳሳቱም፤ ፀሐይ የራሷን ሙላት ታመጣለች፣ በጨረቃው ሙላት ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ግን ለብቻው አይታይም። ሁለቱ በመባቻና በሙሉ ጨረቃ ሲደመሩ ታላቁ ሙላት ይሆናል፤ ጨረቃ በግማሽ ስትሆን ሲቀናነሱ ደካማው። አቡ መዕሸር የጨረቃን መቅረብና መራቅ መቁጠሩም ትክክል ነበር። ጨረቃ ስትቀርብ ያለው ጉልበት ስትርቅ ካለው 40 በመቶ ያህል ይበልጣል።

የወደቦችን ልዩ ልዩ ሰዓት ግን ኒውተንም አልፈታውም። ከ1775 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላፕላስ ነገሩን በሚሽከረከር ምድር ላይ እንደሚንቀሳቀስ ውኃ አድርጎ እስኪያሰላው ድረስ የሱምናት ሰዓት እንቆቅልሽ ነበር።

ጨረቃን መካድና ኮከብ ቆጠራን መካድ

የአቡ መዕሸር ኪታብ በ1133 እና በ1140 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ወደ ላቲን ተተረጎመ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ስለ ሙላት ለተጻፈው ዋነኛው ምንጭ ይኸው ሆነ። አውሮፓውያን ከሙስሊሞች ወሰዱ የሚለው ንግግር እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። የወሰዱት ግን የስበትን ሕግ አይደለም፤ የወሰዱት የምልከታ ዝርዝርን ከነኮከብ ቆጠራው ነው። ይህ ደግሞ ዋጋ አስከፈለ። ጋሊሌዮ በ1632 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቁ መጽሐፉ የጨረቃን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ጣለው። ኬፕለርን የመሰለ ሰው ጨረቃ በውኃ ላይ ትገዛለች የሚለውን መቀበሉ እንዳስገረመው ጻፈ። ለእርሱ ነገሩ የኮከብ ቆጣሪዎችን ጠረን የያዘ ነበር። በምትኩ ሙላት የሚመጣው ከምድር ሁለት እንቅስቃሴዎች መደራረብ ነው አለ። ይህ አስተያየቱ በቀን አንድ ሙላት ብቻ የሚያስገኝ ሆኖ ሳለ የመጽሐፉን ስም እንኳ በሙላትና ሽሽት ሊሰይመው ፈልጎ ነበር፤ ሳንሱሩ ከለከለው። በዘመኑ የታወቀው ሊቅ ከቃዲስ እስከ ከንባያ ያለ መርከበኛ ሁሉ የሚያውቀውን ካደ፤ የካደውም እውነቱ ከመጥፎ ጎረቤት ጋር ስለተገኘ ነው።

ሁለተኛውን አስተያየት የሚይዙ ወንድሞቻችን በዚሁ መንገድ ላይ እንዳሉ ይሰማናል። ኮከብ ቆጠራን ማውገዛቸው ትክክል ነው፤ ከከዋክብት ዕውቀት የሚቀሰም የድግምት ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚያስጠነቅቀው ሐዲስ በአቡ ዳውድ ዘንድ ይታወቃል። ኢብኑል ቀይምም «ሚፍታሑ ዳሪስ-ሰዓዳ» ውስጥ ኮከብ ቆጣሪዎችን በሰፊው ተከራክሯቸዋል። ነገር ግን ጨረቃ ባሕርን መሳቧ ፀሐይ ልብስን እንደማድረቋ ያለ ነገር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ሰው ዕጣ መናገር የአቡ መዕሸር ዝላይ ነው፤ መቆረጥ ያለበትም ዝላዩ ነው፤ ምልከታው አይደለም።

ለዚህ የበለጠ መሠረት አለን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ለሞቱ ነው አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ሲጋረዱም ወደ ሶላት እንዲቸኩሉ አዘዙ። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። አል-ጋዛሊ በ488 ዓ.ሂ. በጻፈው «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» መግቢያ ላይ ይህንኑ የግርዶሽ ጉዳይ አንሥቶ፣ የሒሳብ ባለሙያዎች ስለ ግርዶሽ የሚሰጡትን ማብራሪያ በሃይማኖት ስም የሚከራከር ሰው በሃይማኖት ላይ ጉዳት ያደርሳል ሲል አስጠንቅቋል፤ ማስረጃውን ያየ ሰው የሚጠራጠረው ሃይማኖቱን እንጂ ሒሳቡን አይደለምና። ይህን የጻፈው ፈላስፎችን ለመሞገት በተነሣበት ኪታብ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

የመላእክቱ ነገርም ይነሣል። ወደ ኢብኑ ዐባስ በተጠጋ ዘገባ፣ በባሕር ላይ የተሾመ መልአክ እግሩን ሲያስገባ ባሕሩ ይሞላል፣ ሲያነሣው ይሸሻል ተብሏል። ሰነዱን መመርመር የሐዲስ ባለሙያዎች ሥራ ነው። እኛ የምንለው፣ ዘገባው ጸና ቢባል እንኳ ከጨረቃ ስበት ጋር አይጋጭም ነው። መላእክት በዝናብም ላይ የተሾሙ መሆናቸውን እያመንን ደመና ከባሕር እንፋሎት እንደሚመጣ እናስተምራለን። አላህ አድራጊ መሆኑ ለሰበብ ቦታ አያሳጣም። አል-መስዑዲ የጠቀሳቸው ሰዎች ድክመት ሙላትን የአላህ ሥራ ማለታቸው አይደለም፤ የአላህን ሥራ መንገዱ ባልታወቀው ነገር ብቻ መወሰናቸው ነው። መንገዱ ሲታወቅ ማስረጃቸው ምን ሊሆን ነው?

በዚሁ ምክንያት የሙላትን ሕግ ከቁርኣን አንቀጽ ፈልቅቆ ለማውጣት የሚደረገውን ጥረት አንደግፍም። ጨረቃ ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ መለኪያ መሆኗን ቁርኣን በሱረቱል በቀራ በግልጽ ተናግሯል። ይህ ለኢማሙ ከበቂ በላይ ነው፤ የሙላት አቆጣጠርም በዚሁ የወር አቆጣጠር ላይ ይቆማል።

ይህንንም በትምህርት ቤት ማሳየት ቀላል ነው። የሂጅሪያ ወር 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ ቀናት የሚጾሙት አያሙል ቢድ ናቸው። ደረሳው እነዚህን ቀናት ቆጥሮ ያውቃል። ታላቁ ሙላት የሚውለው በእነዚህ ቀናትና ወዲያው በሚከተሉት፣ እንዲሁም በወሩ መባቻ አካባቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመባቻውና ከሙሉ ጨረቃው አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘገያል። ደካማው ሙላት ከ7ኛውና ከ22ኛው ቀን በኋላ ነው። የአንድ ወደብ የዛሬ ሙላት ሰዓት ከታወቀ ለነገው 50 ደቂቃ ያህል ይጨመርበታል። በምጽዋ፣ በታጁራ ወይም በዘይላ ዳርቻ ዘመድ ያለው ደረሳ በስልክ ጠይቆ የወሩን ሰንጠረዥ ከሰማይ ምልከታው ጋር ሊያስተያይ ይችላል። የወደቡን የመዘግየት ሰዓት ግን ከዚያው ከዳርቻው ሰው መስማት አለበት፤ እርሱን ከመባግዳድ መጽሐፍ አያገኘውም።